የቁጥር 138 እግረኞች

ማርች 9፣ 1986 እ.ኤ.አ.

ለልጅ ልጄ ለቬርኔታ፣ ለመንገድ መሥሪያ ቤቱ መሐንዲስ፣ ለግንቦች ሁሉ እመቤት፤

እንደምን ከርመሻል? እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ ከኔ ተለይቶ የራሱን ኑሮ ጀምሯል። መልስ ስላዘገየሁ ይቅር በይኝ። ደብዳቤሽ የደረሰ ዕለት መነጽሬ ላይ ተቀምጬበት ነበር። ስልክ ለምን አያነሱም ላልሽው፣ አነሳለሁ እንጂ፤ ነገር ግን በደጃችን ባለው አውራ ጎዳና፣ በፓይኩ ላይ፣ የሚያልፈው የጭነት መኪና ካንቺ ቀድሞ ያናግረኛል። ባለፈው አንቺ መስለሽኝ ያወራሁት መጋረጃ ከሚሸጥ ሰውዬ ጋር ነው። መጋረጃውንም ገዝቻለሁ።

አያትሽ ኦፊሊያ ሰላም ብላሻለች። በራሷ እጅ ያልጻፈችው ብዕር መያዝ ስለሰለቻት ነው።

ካስማዎቹን ማን ተከላቸው ላልሽው፦ የናንተው ሰዎች ናቸው። መንገዱ መሃል ብርቱካናማ ምልክት ቀብተው ዳር ዳሩን ካስማ ተከሉ። አንደኛው ቀያሽ ውሃ ሊጠጣ በረንዳችን ላይ ሲቀመጥ አወጣጣሁት። ከገበያ ማዕከሉ እስከ ወንዙ ድልድይ ድረስ፣ ወገብ የሚደርስ የኮንክሪት ግንብ መሃል ለመሃል ይተከላል፤ አንድም ክፍተት የለውም። መኪኖች ፊት ለፊት እየተጋጩ ሰው ስለጨረሱ ነው አለኝ። እውነቱን ነው፤ ከነዚያ ሙታን አንዳንዶቹን ተሸክሜያለሁ። ግንቡ አይሠራ አላልኩም። በሴሎ ቤተ ክርስቲያን ፊት ሰው የሚያልፍበት ያህል ይተውልን ነው ያልኩት።

አንቺ ከመሐንዲሶች ጋር ምሳ መብላት ከጀመርሽ ወዲህ ረስተሽው እንደሆነ ላስታውስሽ። ቤተ ክርስቲያኑ ከወዲህ ነው፤ መቃብሩ ከመንገዱ ማዶ ነው። ሴሎን የሠሩት አባቶቻችን በጋሪ ተጭነው የተሸጡ ሰዎች ነበሩ። ነፃ ሲወጡ፣ የኛን ሰው በመጨረሻው መንገዱ ጎማ አይነካውም ብለው ማሉ። ከቤተ ክርስቲያኑ በር እስከ ጉድጓዱ በትከሻ ነው። ይኸው እስከ ዛሬ በትከሻ ነው።

ይህን ለቀያሹ ነገርኩት።

«አባት፣ ጥናት ተደርጓል» አለኝ። «እዚህ ቦታ የሚሻገር እግረኛ የለም።»

«መቼ ቆጠራችሁ?»

«ማክሰኞ።»

«ልጄ፣ እኛ የምንቀብረው ቅዳሜ ነው!»

«እንግዲያው የሬሳ መኪናው እስከ ትራፊክ መብራቱ ሄዶ ዞሮ ይመለሳላ።»

ውሃውን ከእጁ ልነጥቀው ነበር። ኦፊሊያ ናት ከውስጥ ሆና፣ «ተወው፣ ይጠጣ፤ አለማወቅም ያስጠማል» ያለችው።

አያትሽ ሉሺየስ ዶርሲ

*

ማርች 22

ለአባባ፤

እንደምን ሰነበቱ? ደብዳቤዎን ቢሮ ውስጥ ነው ያነበብኩት፤ መጋረጃው ላይ ስደርስ ሳቄ አመለጠኝና ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

በመጀመሪያ ግን ግንቡን የሣልኩት እኔ አይደለሁም። የኔ ክፍል በሰሜን በኩል ድልድይ ነው የሚሠራው። ሥዕሉን ፈልጌ አየሁት። እንዳሉት ነው፤ ክፍተት የለውም። በጁን የሕዝብ ስብሰባ ይኖራል። ከዚያ በፊት የመንገዱን ታሪክ ይጻፉልኝና ለሚመለከተው ሰው በእጄ እሰጣለሁ። እባክዎ ቀልድ አያስገቡበት። እባክዎ እስከዚያው ምንም ነገር አያድርጉ። «ምንም» ስል ምን ማለቴ እንደሆነ ያውቃሉ።

እማማ ኦፊሊያ ለምንድን ነው እሷ ራሷ ያልጻፈችልኝ? ብዕር የሚሰለቻት ሴት አይደለችም፤ የምግብ አሠራር እንኳ በአራት ገጽ የምትጽፍ ናት።

ቬርኔታ

*

ኤፕሪል 13

ለተከበርሽው ድልድይ ሠሪ፤

ቀልድ አያስገቡበት ብለሻል። በዚህ መንገድ ታሪክ ውስጥ ቀልዱን ያስገባው መንግሥት ነው፤ እኔ ምን ላድርግ?

ልጅ ሳለሁ ፓይኩ የአፈር መንገድ ነበር። ሁለት ጋሪ ሲገናኝ አንዱ ቦይ ውስጥ ይገባል። ከኔ በፊት ደግሞ የአንድ ኩባንያ ኬላ ነበረበት ይባላል፤ ለበግም ለከብትም ለሠረገላም ያስከፍሉ ነበር። የሴሎ ሬሳ ሲመጣ ግን ጠባቂው ራሱ ወጥቶ በሩን ይከፍታል። ይህን አስምሪበት። ከዶሮ እንኳ ቀረጥ የሚለቅም ኩባንያ ለሙታናችን በር ይከፍት ነበር። መንገዱም ጠባብ ስለነበር ፓስተሩ በመስኮት ሲሰብኩ ከማዶ መቃብር የሚቆፍሩት ሰዎች «አሜን!» ይሉ ነበር።

ጎረምሳ ስሆን መንግሥት ተረከበው። ሲሚንቶ አፈሰሰበትና 138 የሚል ሰሌዳ ተከለለት። አባቴ ሰሌዳውን አይቶ፣ «እስረኛ ነው እንዴ ቁጥር የሚሰጡት?» አለ። ያ ሲሚንቶ የአባቴን የፊተኛውን ረድፍ ኮክ ዛፍ በላበት። ጠዋት ጠዋት መንገዱን ይረግማል፤ ከሰዓት በኋላ በዚያው መንገድ ከከተማ ለመጡ ሰዎች ኮክ ይሸጣል። ምስኪን፣ ማንን እንደሚረግም ግራ ገብቶት ሞተ። እሱንም በትከሻ አሻገርነው፤ ያኔ ሁለት መስመር ነበር።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የማዶው የወተት እርሻ በአንድ በጋ ቤት ሆነ። ቤቶቹ ከመመሳሰላቸው የተነሳ ባል ማታ ሲገባ የጎረቤቱን ራት ይበላ ነበር ይባላል። ለኛ ለጥቁሮቹ አይሸጡም ነበር፤ የገዙት ሰዎች መኪና ግን በኛ ደጅ ነው የሚያልፈው። ስለዚህ አራት መስመር ሆነ። በረንዳችንን ወሰደ፣ የሴሎን ደረጃ ወሰደ። ቀጥሎ የገበያ ማዕከሉ ተሠራ፣ መብራቱ ተተከለ፣ መኪና የሚታጠፍበት አምስተኛ መስመር መሃል ገባ። ያን ጊዜ መንገዱ በራችን አፍንጫ ሥር ደረሰ። አስተናጋጁ ወንድም ሲልቫነስ የቤተ ክርስቲያን በር ለመክፈት ግራና ቀኝ ማየት ጀመረ። ያንን በር ለሙታን ብቻ ተውነውና ለሕያዋን ከኋላ በኩል ሌላ በር ከፍተን ወንበሮቹን ሁሉ አዞርን። ከፊት የነበሩት መዘምራን ከኋላ ሆኑ። ኦፊሊያ ከፊት ነበረች። ይህን ለመንግሥት እስከ ዛሬ ይቅር አላለችውም።

በየጊዜው ባርኔጣ ያደረገ ሰው ይመጣና «ይህ የመጨረሻው ነው» ይለናል። በየጊዜው እኛ እንሻገራለን። ልዩነቱ ምን መሰለሽ? በአባቴ ጊዜ ስድስት ሰው ተሸክሞ ያደርስ ነበር። አምስት መስመር ሲሆን ስድስቱ አልቻሉም። ስለዚህ ሌሎች ስድስት መንገዱ መሃል ቆመው ይጠብቁና ትከሻ ይቀይራሉ። ግንቡን ሊተክሉ ያሰቡት እንግዲህ ትከሻ የምንቀይርበት ቦታ ላይ ነው።

ኦፊሊያ ደህና ናት። የምግብ አሠራሯን የምትጽፈው ለሚያበስል ሰው ነው አለች፤ አንቺ እንቁላል ታሳርሪያለሽ።

ሉሺየስ

*

ሜይ 25

ቬርኔታ ልጄ፤

አዎ፣ ጋዜጣው ላይ ያየሽው ሽማግሌ እኔ ነኝ። ሣጥን ውስጥ ቁጭ ያልኩትም እኔ ነኝ። አይ፣ አላበድኩም። ይቅርታ ይጠይቁ ላልሽው ደግሞ፣ አንቺን ስላስደነገጥኩሽ ከልቤ ይቅርታ፤ ሌላውን አልጠይቅም።

መሥሪያ ቤታችሁ እንደገና እንቆጥራለን ሲል ደስ ብሎን ነበር። ቀኑን ስንጠይቅ አሁንም ማክሰኞ! ሕጉ እንዲህ ነው አሉ፤ ለመደበኛ ቆጠራ መደበኛ ቀን። እንግዲያው እኛም በማክሰኞ እንሻገራለና። ቀባሪው ሚስተር ሄምስሊ ጥግ ላይ የተጫረበትን ሣጥን አዋሰን። ባዶውን ስናወጣው ግን የጭነት መኪናው ነፋስ ከነተሸካሚዎቹ አንገዳገደው። ዲያቆን ታዲየስ፣ «ድንች እንጨምርበት» አለ። «ድንች አይቆጠርም» አልኩና ገባሁበት።

ቆጣሪው ታጣፊ ወንበር ላይ ተቀምጦ በእጁ ያለችውን መቁጠሪያ ቀጭ ቀጭ ያደርጋል። ክዳኑ ሥር ሆኜ ሁሉን እሰማለሁ።

«ጌታዬ፣ ውስጥ ሰው አለ?»

«አለ» አለው ታዲየስ።

«እ... በእግሩ ስላልሄደ፣ እሱን እንደ እግረኛ መቁጠር የምችል አይመስለኝም።»

ይህን ስሰማ አላስችል አለኝ። ክዳኑን ገፋሁና፣ «እኔ ካልተቆጠርኩ ለማን ብዬ ነው የተኛሁት?» አልኩት። ወንበሩ ከነሰውዬው ተገለበጠ። ፎቶ አንሺው ከየት እንደመጣ አላውቅም፤ የቤተ ክርስቲያናችን እህት ሉቬኒያ ግን የምታውቅ ይመስለኛል።

ቆጣሪው ደህና ሰው ነው። በሚቀጥለው ማክሰኞ ሲመጣ፣ «ዛሬስ ማን አለ?» ብሎ መጀመሪያ ሣጥኑን አንኳኳ።

ኦፊሊያ በመስኮት ሆና ነው ያየችው። ለምን አልወጣችም ብለሽ እንዳትጠይቂኝ፤ ነፋስ አትወድም። ስገባ፣ «አንተ ሰውዬ፣ ሙት መስለህ መተኛቱን ለመድከው፤ ቤት ውስጥስ ሣህን ሲታጠብ እንዲሁ አይደለህ?» አለችኝ።

ሉሺየስ

*

ጁን 28

አባባ፤

ስብሰባው ላይ የሆነውን ከኔ ቀድመው ሰምተዋል፤ እኔ እንድገኝ አልተፈቀደልኝም። ውሳኔው ዛሬ ጠረጴዛዬ ላይ አለ። ቀብር «ልዩ ክስተት» እንጂ የእግረኛ እንቅስቃሴ አይደለም ተብሏል። ግንቡ በጁላይ ይጀመራል፤ በኦገስት መጨረሻ ሴሎ ፊት ይደርሳል።

አንድ ነገር ልንገርዎ፤ ከዚያ እንደፈለጉ ይቆጡኝ። አለቃዬ ጋዜጣውን ይዞ መጣና፣ «ይሄ ዶርሲ ዘመድሽ ነው?» አለኝ። ሰው ሁሉ እያየኝ ነበር። «አላውቀውም» አልኩ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጋዜጣው መሳቢያዬ ውስጥ አለ፤ መሳቢያውን መክፈት አልቻልኩም።

አባባ፣ እማማ በመስኮት ሆና ነው ያየችው አሉኝ። ባለፈው ከውስጥ ሆና ነው የተናገረችው። በፋሲካ እንኳ ድምጿን አልሰማሁም። እየቀለዱ አያልፉኝ። ምን ሆናለች?

ቬርኔታ

*

ጁላይ 6

ልጄ፤

አልተቆጣሁም። ጴጥሮስ ሦስት ጊዜ ክዶ የመንግሥተ ሰማያት ቁልፍ ተሰጠው። አንቺ የካድሽው አንድ ጊዜ ነውና ቢያንስ የመሥሪያ ቤቱን መጸዳጃ ቁልፍ ይስጡሽ።

አሁን ቀልዱን እተወዋለሁ።

አያትሽ ከብርዱ ወራት ጀምሮ ታማለች። ጉበቷ ነው። ሐኪሙ መድኃኒት ለሕመሙ እንጂ ለበሽታው የለኝም ብሏል። እንዳልነግርሽ ያስማለችኝ እሷ ናት። «ልጅቷ ገና ወንበሯን ማሞቋ ነው፤ እኔን ስታስታምም ሥራዋን ታጣለች» አለች። ደብዳቤዎችሽን ሁሉ አንብቤላታለሁ። እኔ ስጽፍም አጠገቤ ሆና፣ «ይህን ጨምር፣ ይህን አውጣ» ትል ነበር። እንቁላል ታሳርሪያለሽ ያለችው የእውነት እሷ ናት።

ውሳኔውን ትናንት ስነግራት፣ «ሉሺየስ፣ ጎማ እንዳይነካኝ» አለች።

«አይነካሽም» አልኳት።

«ግንቡስ?»

«ግንቡን ለኔ ተይው።»

«ላንተማ ብተወው ሣጥኑ ውስጥ ትገባለህ። ስማኝ፤ ከመብራቱ ዞረው በመኪና ሊያመላልሱኝ ካሰቡ ተነስቼ በእግሬ ነው የምሄደው፤ ለፓስተሩም ንገራቸው።»

ነግሬአቸዋለሁ። ፓስተር ግሪሶም፣ «ትሄዳለች፤ ኦፊሊያን አውቃታለሁ» አሉ።

እንግዲህ ቃል ገብቻለሁ። ለመሥሪያ ቤትሽ ማመልከቻ ጽፌያለሁ፣ ለአገረ ገዢው ጽፌያለሁ፤ የመለሰልኝ የለም። መለሱም አልመለሱ ሚስቴን በዚያች የሙታን በር አወጣታለሁ፤ ቀጥ ብዬም አሻግራታለሁ። ይህን ለአለቃሽ መንገር ከፈለግሽ ንገሪው፤ አላውቀውም ያልሽው ሰውዬ እንዲህ አለ በይው።

ነይ። እንቁላሉን ራሷ ታሳይሽ።

አያትሽ

*

ሴፕቴምበር 21

ቬርኔታዬ፤

እንደምን ገባሽ? አውቶቡሱ ውስጥ ስታለቅሺ አጠገብሽ የተቀመጠችው ሴት ሳንድዊች እንደሰጠችሽ ጽፈሻል። እግዜር ይስጣት። እኔ ደህና ነኝ። ኦፊሊያን ከቀበርን ዛሬ ሁለተኛ እሑዳችን ነው። ሴቶቹ ያመጡት የስኳር ድንች ኬክ አላለቀም፤ ማቀዝቀዣውን ስከፍተው ይወድቅብኛል።

«ከወዲያ በኩል ምን ነበር?» ብለሽ ጠይቀሻል። እውነትሽን ነው፤ አንቺ ከሁለተኛዎቹ ስድስት ጋር ከግንቡ ማዶ ቆመሽ ስትጠብቂ እኛ የምንለውን አትሰሚም ነበር።

ከበሩ ስንወጣ ፖሊሱ እጁን ዘርግቶ ቆመ። «አባት፣ መሻገሪያው ተዘግቷል። የሬሳ መኪናውን አምጡና እስከ መብራቱ ድረስ ራሴ አጅባችኋለሁ» አለ። በትሕትና ነው ያለው። እኔም በትሕትና፣ «ልጄ፣ አንተ የራስህን ሰው እንዳሻህ ቅበር፤ የኔዋ ቀጠሮ አላት» አልኩትና ወደ አስፋልቱ ገባሁ። ከኋላዬ ሴሎ ሙሉ ገባ።

ያ ትልቁ የጭነት መኪና ከቆመ በኋላ አንቺ ያየሽው መብራቱን ብቻ ነው። ነጂው መኪናውን አጋድሞ ከኛ ወገን ያለውን መንገድ በሙሉ ዘጋ። ወረደ፣ ኮፍያውን አወለቀ። ከኋላው ያሉት ጡሩምባ ሲነፉ ዞሮ፣ «ዝም በሉ፣ ሰው እያለፈ ነው!» ብሎ ጮኸባቸው። ስሙን እንኳ አልጠየቅነውም።

ግንቡ ጋ ስንደርስ የታዲየስ ትከሻ ከዳው። ሣጥኑ ወደ ግራ አዘመመ። እኔ ከፊት ነበርኩና የማደርገው ጠፋኝ። ያን ጊዜ ከኋላ በኩል ሁለት እጆች ገቡ። ሣጥኑ ቀና አለ፣ ከፍ አለ፣ ከግንቡ በላይ ሆነ፤ ከዚያ የናንተ እጆች ተቀበሉት። ዞር ብዬ ሳይ ፖሊሱ ነው። ስድስቱ ሰባት ሆነው ነበር። የሲሚንቶው ብናኝ ከእጁ ሳይራገፍ መንገድ በማወክ ክስ ጻፈልኝ፤ ሲሰጠኝም፣ «እግዜር ያጽናዎት» አለ።

እኔ እንዴት እንደተሻገርኩ ግን ለማንም አታውሪ። በብብቴ ይዘሽ እንደ ጆንያ ስትጎትቺኝ እህት ሉቬኒያ ስቃለች፤ በቀብር ላይ! ኦፊሊያ ብትኖር ከሁሉም በላይ ትስቅ ነበር።

ጋዜጠኛው፣ «የመንገድ መሥሪያ ቤት ሠራተኛ አይደለሽም እንዴ?» ሲልሽም ሰማሁ። «አያቴ ናት፤ ያኛውም አያቴ ነው» ስትይ ድምጽሽ የሷን ይመስል ነበር።

ሰኞ አለቃሽ ፊት ቆመሽ የሚሆነውን ሁሉ ጻፊልኝ። ካባረሩሽ እዚህ ብዙ ኬክ አለ።

ሉሺየስ

*

ኖቬምበር 16

ለተወደድሽው ለቬርኔታ፤

አለማባረራቸው ደስ ብሎኛል፤ ኬኩም አልቆ ነበር። ለአለቃሽ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። «አንድ ተጨማሪ ሣጥን በዚያ ግንብ ላይ ሲያልፍ በቴሌቪዥን ከማይ መላ ፈልጊ» ማለቱ የብልህ ሰው ንግግር ነው። ዳኛውም ብልህ ናቸው። «ጥፋተኛ ነዎት?» ሲሉኝ፣ «አዎ፤ ደግሞም አደርገዋለሁ» አልኳቸው። «እሱን አልጠየቅኩም» አሉና አሰናበቱኝ።

አሁን መሥሪያ ቤትሽ ከሴሎ ጋር ሊፈራረም ወዳዘጋጀው ውል እንምጣ። እያፈርሽ ነው የላክሽው፤ «የተቻለኝ ይህ ብቻ ነው፣ ይቅር ይበሉኝ» ብለሻል። ፓስተር ግሪሶም ለሽማግሌዎች ጉባኤ ጮክ ብለው አነበቡት። በሴሎ ፊት ክፍተት ይቆረጣል። ክፍተቱም የሚዘጋው እስከ ዲሴምበር አንድ በስማቸው የመቃብር ቦታ ከተመዘገበላቸው ሰዎች የመጨረሻው የተቀበረ ዕለት ነው። ታዲየስ ጠረጴዛውን መታ። «የኛን ማለቅ ሊጠብቁ ነው! ሽማግሌዎች ናቸው፣ ዐሥር ዓመት ቢታገሷቸው ይጠረጋሉ ብለው ነው!» አለ። እውነቱን ነው፤ አለቆችሽ ያሰቡት ይህንኑ ነው። የሚያዩት ሁልጊዜ ሽበታችንን ነዋ።

እኔ ግን ሁለት ጊዜ አስነበብኩት። ውሉ ስለ ስምና ስለ ቦታ ይናገራል። ስለ ዕድሜ አንድም ቃል የለበትም። እዚያ ቢሮ ውስጥ ማን እንደረሳው አልጠይቅሽም። አንቺም አትመልሺልኝ፤ ደብዳቤ ይከፈታል። ብቻ የኦፊሊያ ልጅ ልጅ ነገር ረስታ እንደማታውቅ እኔ አውቃለሁ።

ፈርመናል። ባለፈው እሑድ ከስብከቱ በኋላ ከመቃብሩ በላይ ያለውን ኮረብታ ሸንሽነን አደልን። መዘምራኑ በሙሉ ወሰዱ። የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ተሰልፈው ወሰዱ፤ ሁለቱ ዛፍ ሥር ያለውን ቦታ ፈልገው ተጣሉ። ያንን የጭነት መኪና ነጂ ስሙን ልንጠይቀው ቆርጠን አስፈልገን አገኘነው። ሆብሰን ይባላል፤ እሱም ቦታ ስጡኝ ብሎ ሰጠነው። ፖሊሱ እያሰበበት ነው።

የመጨረሻው ቦታ የእህት ሉቬኒያ የልጅ ልጅ ልጅ የሆነችው የዜልማ ነው። የተወለደችው ሐሙስ ነው። የመቃብር ቦታዋን የምስክር ወረቀት ደረቷ ላይ ሳስቀምጥ አውራ ጣቴን ይዛ አልለቅም አለች። በዚያ ቤት ሴቶች ከዘጠና አምስት በታች የሞተች የለችም። ክፍተቱ መቼ እንደሚዘጋ የሚጠይቅሽ ሰው ካለ እሷን ያናግር በይው። ብቻ መጀመሪያ ጥርስ ታውጣ።

ያንቺ ቦታ ከአያትሽ በስተግራ ነው፤ የኔ በስተቀኝ። ነገር ግን ሥርዓት አለው፤ ክፍተቱ እንዲቆይ ሁላችንም ቀስ ብለን ነው መሞት ያለብን። ስትሻገሪ ግራና ቀኝ እይ፤ ምግብሽን ብዪ፤ ለሴሎ ስትዪ አርጂ።

አያትሽ ሉሺየስ ዶርሲ